መቼ ይገለበጣል?

ጡረታ የወጣው ወገቤ ነው፤ እኔ ተከትዬው ነው የወጣሁት። ሐኪሙ የጀርባዬን ራጅ ብርሃን ላይ አድርጎ ካየ በኋላ «ምን ስትሸከም ነው የኖርከው?» አለኝ። «የሰሜን ለንደንን ጥም» አልኩት። አልሳቀም። ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳላነሳ የሚል ወረቀት ጻፈልኝ። ቁርስ ከበላሁ እኮ ጭንቅላቴ ብቻውን ከአምስት ኪሎ ይበልጣል። ወረቀቱን ለአለቃዬ ለፓት ሰጠኋት፤ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ አቀፈችኝ። የሃያ አንድ ዓመት ቢራ ጠማቂነቴ በሃምሳ አምስት ዓመቴ በዚያች እቅፍ አለቀ።

ሰው ሁሉ ከሥራችን ከባዱ በርሜል ማንሳት ይመስለዋል። በርሜል የሚሰብረው ወገብ ነው፤ እሱ ይታሻል። እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ጥያቄ ነው፦ መቼ ይገለበጣል?

ጠምቆ ለማያውቅ ላስረዳ። ቢራ ሁለት ቤት አለው። በመጀመሪያው ቤት እርሾው ስኳሩን እየበላ ይፈላል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ይንጫጫል። ግርግሩ ሲያበቃ አተላው ከታች ይዘቅጣል፤ ያኔ ቢራው ከአተላው ተለይቶ ወደ ሁለተኛው ጋን ይገለበጣል፣ እዚያ ይጠልላል። ጋን የምለው የብረት ታንከር ነው፤ እኛ ግን ሌላ ስም አናወጣለትም ነበር። ቸኩለህ ከገለበጥከው ሥራውን ያልጨረሰውን እርሾ አተላው ውስጥ ጥለኸው ትሄዳለህ፤ ቢራው ጣፋጭ፣ ግማሽ ልብ፣ ነገ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ ይሆናል። ከዘገየህ ደግሞ የሞተ እርሾ ላይ ተኝቶ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። በእኛ ቋንቋ የሚገለበጠው ሁለት ነገር ነው፤ ጠላና መንግሥት። በሁለቱም ሰዓቱን አውቃለሁ የሚል ሰው አይጠፋም፣ አተላውን የሚጠጣው ግን ሌላ ነው።

ለንደን ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ነበር። ወለል የሚወለወለው ወደ ኋላ እየተራመዱ ስለሆነ አራት ዓመት ሙሉ ወዴት እንደምሄድ ሳላይ ሄጄ፣ አንድ ቀን ከባልዲዬ ጋር ተጋጭቼ ተቀመጥኩ። እዚያው ተቀምጬ ይህ ኑሮ አይደለም አልኩ። ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ አጠገብ፣ በባቡር ድልድይ ሥር ያለ አነስተኛ የቢራ ጠመቃ ቤት በርሜል አጣቢ እንደሚፈልግ ሰማሁና አፕላይ አደረግሁ። ፓት «ቢራ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከአንድ ወገን ብቻ» አልኳት። ሳቀችና ቀጠረችኝ።

ከውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ቀጭን፣ ቆብ ያደረጉ፣ ነጭ ካፖርታቸው የተተኮሰ። ለበርሜል ቤት የተተኮሰ ካፖርት የሚለብስ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ሀበሻ ነህ?» አሉኝ።

«ይመስለኛል።»

«እዚህ ቤት ይመስለኛል አይባልም። ይለካል።»

ጋሽ ተክሌ እኚህ ናቸው። አገር ቤት በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርተው፣ በስደት መጥተው፣ ፓት ቤቱን ስትከፍት ጀምሮ ዋና ጠማቂዋ ነበሩ። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የማላውቀውንም ቢሆን ነግረውኝ ነበር፣ እየቀለድኩ አልሰማሁም እንጂ።

ፈሊጣቸው ብዙ ነው። ሃይድሮሜትር የምትባለውን የብርጭቆ ዘንግ በአሮጌ የሱፍ ካልሲ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ቢራ ውስጥ ስትነከር ስኳሩ ብዙ ከሆነ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፣ እርሾው ስኳሩን በበላው ቁጥር ትሰምጣለች፤ ቁጥሩ ከሃምሳ ተነሥቶ ወደ አሥራ ሁለት ገደማ ሲወርድ ሥራው ወደ ማለቁ ነው። ጋን ከመክፈታቸው በፊት እንደ እንግዳ ያንኳኳሉ። የጋኑን ሆድ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ሲቀምሱ ቆባቸውን ያወልቃሉ። «ደረሰ» የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። «ነገ እንጠይቀዋለን» ነው የሚሉት። ሦስት ጠዋት ተከታትሎ አንድ ዓይነት ቁጥር ካልተነበበ የሚገለበጥ ቢራ የለም።

ከጋኑ ክዳን ላይ ኤርሎክ የምትባል፣ ውሃ የያዘች ትንሽ ቱቦ አለች፤ ጋሱ በእሷ በኩል ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። እኔ እሷን ማየት እወድ ነበር። ሐሜት እንደ መስማት ነው። አንድ ቀን ቆመች። «ዝም አለ ጋሽ ተክሌ፣ ጨርሷል» አልኳቸው።

«ዝም ያለ ሁሉ አልጨረሰም» አሉኝ። «አንተም ብትሆን ስትተኛ ዝም ትላለህ፣ ሲነጋ ትቀጥላለህ።»

አክስቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ «ምን ሥራ ያዝክ?» ስትለኝ «ጠማቂ ሆንኩ» አልኳት። መስመሩ ይቆራረጣል፤ «አጥማቂ» ብላ ሰማች። ለሰፈሩ ሁሉ የወንድሜ ልጅ ለንደን ላይ ሕዝብ እያጠመቀ፣ አጋንንት እያስወጣ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የራስ ምታት፣ የመካንነትና የፈተና ጉዳይ እየተደወለልኝ ኖርኩ። ለአንዱም ቢሆን አይደለሁም አላልኩም። ከዚህ ነው እንግዲህ የኔ ጠባይ የሚታወቀው፤ የሳቀ ሰው ካለ እውነቱን ነገ እናስተካክለዋለን እላለሁ።

ጋሽ ተክሌ ለዓመታት ፓትን የሚለምኗት አንድ ነገር ነበር። ለቢራ ምሬቱን በሚሰጠው በሆፕስ አበባ ፈንታ በጌሾ የተጠመቀ ቢራ። «ማን ይጠጣዋል?» ትላቸዋለች። «የቀመሰ» ይሏታል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እሺ አለች፤ አንድ አነስተኛ ጋን፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከተወደደ በየዓመቱ ይጠመቃል፣ ስማቸውም ጠርሙሱ ላይ ይወጣል። ካልሆነ ሁለተኛ እንዳይነሣ።

የዚያን ቀን ጋሽ ተክሌ ካፖርታቸውን እያወለቁ «ሰሎሞን፣ አርባ ዓመት የሰው ቢራ ጠመቅኩ» አሉኝ።  ካፖርቱን ተቀብዬ ሰቀልኩላቸው፣ ያለ ቀልድ።

ጌሾው ጋን ውስጥ ከገባ ሳምንት ሳይሞላው የቀኝ ዓይናቸው መጋረጃ ጣለ። ሐኪሞቹ በአስቸኳይ ቀደው ዓይናቸው ውስጥ የጋስ አረፋ ጨመሩና ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍተው እንዲቆዩ አዘዟቸው። ደቡብ ለንደን፣ ብሪክስተን ካለው የካውንስል ፍላታቸው አስጠሩኝ። ወለሉን እያዩ ካልሲዋን ወደ ላይ ዘረጉልኝ።

«ሦስት ጠዋት። ሦስቱንም ለካ።»

«እርስዎ አይጨነቁ፤ ዓይንዎ ውስጥ ያለውን አረፋ እርስዎ ይጠብቁ፣ ጋኑ ውስጥ ያለውን እኔ እጠብቃለሁ።»

«አትቀልድ።»

«እሺ።»

«አሁንም እየቀለድክ ነው። ይሰማኛል።»

በመጀመሪያው ቀን ለካሁ፤ ሃያ ነበር። ገና ነው። በሁለተኛው ቀን ክዳኑን ከፍቼ የመጨረሻውን ጌሾ ጨመርኩና መልሼ ገጠምኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስመጣ ኤርሎኳ ዝም ብላለች። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጠፍኩ፤ ዝም። ፓት በበሩ ብቅ ብላ «ሶል፣ ያ ጋን ለሚቀጥለው ትእዛዝ ያስፈልገኛል፣ መቼ ነው የሚለቀቀው?» አለች። «ጨርሷል መሰለኝ» አልኩ። መሰለኝ።

መለካት ማለት ቧንቧውን ማጽዳት፣ በብርጭቆ መቅዳት፣ አረፋው እስኪወርድ መጠበቅ፣ ዘንጓን መንከር፣ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ነው። ሩብ ሰዓት። በሕይወቴ ሩብ ሰዓቶችን እንደ ጎመን ዘር የበተንኩ ሰው ያቺን ሩብ ሰዓት ሰሰትኳት። ኤርሎኳን አየሁና መዝገቡ ላይ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ጋሽ ተክሌ የሚጠብቁት ቁጥር ነው። በማግስቱም ዝም፤ አሥራ ሁለት። በሠልስቱም ዝም፤ አሥራ ሁለት። ሦስት ጠዋት ሙሉ ዝምታውን ነው የለካሁት።

ገልብጬ ስጨርስ ደወልኩላቸው። ቤታቸው በጠያቂ ተሞልቷል፤ የታመመ ሲጠየቅ እንደምታውቁት ሁሉም ሰው ስለ አገር ጉዳይ ነው የሚያወራው። ጋሽ ተክሌ ፊታቸው ትራስ ላይ ስለተደፋ ስልኩ ወለሉ ላይ ስፒከር ተደርጎ ተቀምጧል።

«ተገለበጠ?» አሉኝ ጮክ ብለው።

«ተገለበጠ ጋሽ ተክሌ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ ወፍራም ድምፅ «መቼ?» አለ።

«ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ» አልኩ።

«ደም ሳይፈስ?» አለ ሌላው።

«ትንሽ ወለሉ ላይ ፈሷል፤ በውሃ ለቀለቅሁት» አልኩ፤ እኔ የማወራው ስለ ቢራው ነው። አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው። ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ጋሽ ተክሌ ትራሱ ውስጥ ሆነው «ተቀመጡ፣ ቢራ ነው፣ ቢራ ነው የተገለበጠው» አሉ፤ እልልታው ግማሽ ላይ ተቆረጠ። እኔ እዚህ ጋኑን ተደግፌ እንባዬ እስኪፈስ እስቃለሁ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት ላይ?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«ሦስቱንም ጠዋት?»

«ሦስቱንም።»

«ተባረክ» አሉኝ።

ይህን ታሪክ የብሪክስተን ሀበሻ እስከ ዛሬ እየተቀባበለ ይስቅበታል፤ እኔ ራሴ መቶ ሠርግ ላይ አውርቼዋለሁ። የመጨረሻዋን ቃል ግን ሁልጊዜ እቆርጣታለሁ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ባዶውን ጋን ሳጥብ ክዳኑን አነሣሁ። የጎማው ቀለበት አንድ ወገኑ ታጥፏል፤ ከክዳኑ ውጪ የደረቀ አረፋ መስመር ሠርቷል። ጌሾውን ጨምሬ ስገጥመው አጣምሜዋለሁ። ጋሱ ሦስት ቀን ሙሉ በጎን ሲወጣ ነበር፤ ኤርሎኳ ዝም ያለችው የሚነግራት ስላጣች ነው። ቢራው አልጨረሰም ማለት ነው፤ አብዛኛውን እርሾ ደግሞ ጋኑን ሳጥብ ከነአተላው ወደ ፍሳሽ ልኬዋለሁ።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፦ ክፍሉን ማሞቅ፣ ትኩስ እርሾ መጨመር፣ ፓትን ጠብቂ ማለት። ሦስቱም ግን አፌን እንድከፍት ይጠይቁኛል፤ አፌ ደግሞ ለቁም ነገር ዝጓል። ሁለተኛው ጋን ጋ ሄድኩ። ካልሲዋን ከኪሴ አወጣሁ። መልሼ ከተትኳት። ካልለካሁ አላውቅም፤ ካላወቅሁ አላጠፋሁም። እዚያው ቀስ ብሎ ይጨርሳል እያልኩ ሁለት ሳምንት ኖርኩ። በሚዛን ብታዩኝ ግማሽ ሰው ሆኜ ነበር። ፓት ቀመሰችና «ጣፈጥ ይላል፣ ደስ ይላል» አለች። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ጸለይኩ፤ አጥማቂነቴ በእውነት የጀመረው ያኔ ነው።

ብሪክስተን ሱቅ ያላት ወይዘሮ ጽጌ የመጀመሪያዋ ገዢ ነበረች። በአሥረኛው ቀን ደወለች።

«ሰሎሞን፣ ቢራችሁ እየተኮሰ ነው።»

«ስንት ፈነዳ?»

«ቆጥሬ እንድነግርህ ነው? ፍሪጅ ጀርባ ተደብቄ ነው የማዋራህ።»

በሞቀ ሱቅ ውስጥ የተረፈው እርሾ ነቅቶ የተረፈውን ስኳር ጠርሙሱ ውስጥ እየበላ ነበር። ሄጄ አየሁ። ከመደርደሪያው ፊት ለፊት የቆመ የሕፃን ጋሪ ጨርቅ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ስባሪ ተሰክቷል። ሕፃኑ ደግነቱ እናቱ ደረት ላይ ነበር። ያን ስባሪ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ስለ እሱ እስካሁን ቀልድ አልፈጠርኩም።

ፓት ያለውን ሁሉ አስመልሳ አስደፋች። ጋሽ ተክሌ አንድ ዓይናቸው እንደ ደበዘዘ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ካፖርታቸው ተተኩሷል። መዝገቡን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አነበቡ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። መዝገቡን ዘግተው ለፓት «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስንጀምር መነሻውን ያነበብኩት በዚህ ዓይን ነው። ስቼዋለሁ። ልጁ እንደ ነገርኩት ሦስት ጠዋት ለክቷል» አሏት።

አፌን ከፈትኩ። ምን ወጣ መሰላችሁ? «ዓይንዎ አይደለም ጋሽ ተክሌ፣ ጌሾው ነው ሰክሮ ቁጥር የዘለለው።» ፓት ሳቀች። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ወሩ ሲያልቅ ካፖርታቸውን አጥፈው አስቀመጡና የማያይ ጠማቂ ሰው ይገድላል ብለው ወጡ። ካልሲዋን ከነዘንጓ ለእኔ ተዉልኝ።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል። ጠጠሩ እኔ ነበርኩ፣ ተንሸራተትኩ። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ፤ ዋና ጠማቂ ተባልኩ፣ ደመወዝም ተጨመረልኝ። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት የለካሁትን ያህል የለካ ሰው በምድር ላይ የለም። ሦስት ጠዋት ለኔ አምስት ሆነ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ክዳኑን ገጥሜዋለሁ ወይስ አልገጠምኩም እያልኩ እግዚኦታው ያልፈኛል። እየሮጥኩ ሄጄ ቼክ አድርጌ ስመለስ ሰው ሁሉ ወጥቶ አገኛለሁ። አንድም ጠርሙስ ፈንድቶብኝ አያውቅም። በየፋሲካው ጋሽ ተክሌን ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ለእንግዳ «ሙያዬን የቀማኝ ይህ ዓይኔ ነው» ይላሉ፤ እኔም የተገለበጠውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ ቤቱ ይስቃል።

ወገቤ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ መሳቢያዬን ባዶ ሳደርግ ካልሲዋ ብቻ ቀረች። የሥራ ቤቱ ዕቃ አይደለችም፤ የኔም አይደለችም። ፊንስበሪ ፓርክ ላይ ቪክቶሪያ ላይን የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ገባሁ። ብሪክስተን የመስመሩ መጨረሻ ነው፤ ሳትወርድ ማለፍ አትችልም። የምናገረውን በየጣቢያው አሳጥሬ አሳጥሬ መጨረሻ ላይ ሁለት ቃል ቀረችኝ።

ግራ ዓይናቸውም ከዓመታት ወዲህ ደክሟል፤ በግድግዳው እየተመሩ ከፈቱልኝ። ወጥ ቤታቸው ጥግ ላይ ክዳን ያለው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ከላዩ ላይ ኤርሎክ። ዝም ብላለች። ጌሾ ይሸታል።

«አሁንም ይጠምቃሉ?»

«ለራሴ ነው። ማን ይከለክለኛል?»

«ቁጥሩን ማን ያነብልዎታል?»

«ማንም። በምላሴ እገምታለሁ። ከዚህ በፊት የጠመቅኳቸውን ሁለቱን ተበላሽተው ደፋኋቸው።» ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ምን ሆነሃል? እስካሁን አልቀለድክም።»

ካልሲዋን እጃቸው ላይ አደረግኋት። ዳሰሷት፣ አወቋት።

«አልለካሁም ነበር» አልኳቸው።

«መቼ?»

«እርስዎ ተደፍተው ሳሉ። ሦስቱንም ጠዋት። ቱቦዋ ዝም ስትል ከራሴ ጻፍኩት። ክዳኑን ያጣመምኩትም እኔ ነኝ፤ በዚያው ቀን አውቄያለሁ። ዓይንዎ አልሳተም።»

ዘንጓን ከነካልሲዋ በሁለት እጃቸው ያዟት።  ከታች የአውቶቡሱ በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲከፈት ይሰማል። መሳደባቸውን ጠበቅኩ፤ ውጣ ማለታቸውን ጠበቅኩ። አንድ ቀልድ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፣ ዋጥኩት፤ አጥንት ነበረው።

«ዘጠኝ ዓመት ዓይኔን ስረግመው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ካልሲዋን መልሰው ዘረጉልኝ። «ክፈትና አንብብ።»

አንኳኳሁ፣ ከፈትኩ፣ ቀዳሁ፣ አረፋው እስኪወርድ ጠበቅኩ፣ ጎንበስ አልኩ። ወገቤ ጮኸ።

«አሥራ ስድስት ይመስ…» አልኩና ቆምኩ። «አሥራ ስድስት ነው።»

«ነገ እንጠይቀዋለን» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩኝም።

ያ ሰኞ ነበር። ማክሰኞ አሥራ አራት። ረቡዕና ሐሙስ አሥራ ሦስት። ዓርብ ሦስተኛው ጠዋት ነው፤ አሥራ ሦስት ከሆነ ተገለበጠ፣ እኔም ተገላገልኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አሥራ ሁለት። አንዲት መስመር ናት፤ ከፀጉር የቀጠነች። አሥራ ሦስት አልኩ አሥራ ሁለት አልኩ እሳቸው አያዩአትም።

«አንድ ወርዷል» አልኩ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምረህ ቁጠር።»

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋትም አሥራ ሁለት ነው። ክዳኑን ዙሪያውን በጣቴ እየተጫንኩ ስገጥም ጋሽ ተክሌ ከወንበራቸው ሆነው «ነገ አሥራ ሁለት ካለ እንገለብጠዋለን። ከዚያ ለፓት ትደውልና ለእኔ የነገርከኝን ትነግራታለህ። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ» አሉ።

«ካላለስ?»

«ካላለ ከነገ ወዲያ ትመጣለህ።»

 ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ቢራ ጨርስልኝ እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ከባቡሩ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ እባክህ አንዲት ቀን ጨምርልኝ፣ አንዲት መስመር ውረድልኝ ስል ራሴን ያዝኩት። ፓት ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ጋሽ ተክሌ ይቅር ብለውኝ ይሁን ወይም ገና እየፈሉ፣ እሱንም አላውቅም፤ ዝም ያለ ሁሉ አልጨረሰም። ዘንጓ ነገ ጠዋት ስንት ላይ እንደምትቆም አላውቅም። ስንት ላይ እንደ ቆመች ግን እነግራቸዋለሁ።